ነገ ነይ

እንደምን አረፈዳችሁ!

አብዛኞቻችሁ ሱቅ ለመክፈት ያሰባችሁ፣ ወይም ከከፈታችሁ ዓመት ያልሞላችሁ ወጣቶች ናችሁ። የደንበኛ እምነት እንዴት ይገኛል የሚለውን ተናገሪ ተብዬ ነው የመጣሁት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንዳንዶቻችሁ ካሁኑ ፈገግ ስትሉ አየሁ። ልብስ ሰፊና እምነት! «ነገ ነይ» ማለትን ለአገሩ ያስተማርነው እኛው ነን።

ስለዚህ ካጠፋሁት ልጀምር።

ጎንደር ውስጥ የልብስ ሰፊ ዓመት የሚያልቀው ጥር 11 ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ሌላው ይስቃል፣ እኛ ያልበናል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ የመጣውን ትእዛዝ ሁሉ ተቀበልኩ። ቀብድ ሲዘረጉልኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነበርኩ።

አንዲት እናት ለልጃቸው ቀሚስ አዘዙ። ጥር 6 መጡ፤ «ነገ» አልኳቸው። ጥር 8 መጡ፤ «ጥለቱ ብቻ ነው የቀረው» አልኳቸው። ውሸቴን ነው፣ ጨርቁ ገና አልተቆረጠም። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ሲወርዱ፣ እልልታው ሱቄ ድረስ እየተሰማ፣ እኔ አንድ እጅጌ ይዤ ማሽን ላይ ነበርኩ።

ሴትዮዋ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ያን ቀን አልደርስም ብትይኝ እኮ ሌላ ጋ አሰፋ ነበር» አሉኝ። ቀብዱን መለስኩ። ቀሚሱንም በነጻ ጨርሼ ላክሁ። ተቀበሉኝ፤ ሱቄን ግን ዳግም አልረገጡትም። እኅቶቻቸውም፣ ጎረቤቶቻቸውም እንደዚያው።

መዘግየቴን ይቅር ይሉኝ ነበር። ሌላ ሰፊ የሚፈልጉበትን አራት ቀን የቀማኋቸው ግን ውሸቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዛሁ። በሳምንት ስንት ቀሚስ እንደምጨርስ ቆጠርኩ። የገመትኩትን ግማሽ እንኳ አልሞላም! አሁን ደብተሩ ሲሞላ ቀብድ አልቀበልም። መብራት ጠፍቶ ሥራ ከተጓተተ፣ በጠፋበት ዕለት እደውላለሁ። ያው መብራት ጠፋ የሚለው ወሬ በቀጠሮው ቀን ሲነገር እውነት ቢሆንም ሰበብ ይመስላል።

ሌላም አለ። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ሳልሞክር ጨርቅ አልቆርጥም። ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሳችሁ ጥለቱን እሹት፤ ቀለሙ ከወጣ ለደንበኛዋ እዚያው አሳዩአት። የፋብሪካ ኅትመቱንም የእጅ ሽመና ነው ብላችሁ አትሽጡ። ኅትመት የሚፈልግ ሰው አለ፣ በዋጋው ይግዛው።

«እንግዳ ነው፣ ነገ ይሄዳል» የምትሉም አትጠፉም። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በበዓሉ ሰሞን ፒያሳ ላይ ከየት ያልመጣ ሰው አለ? እንግዳው ይሄዳል፣ ስልኩንም ይዞ ነው የሚሄደው። ቀለም የለቀቀ ነጠላውን ፎቶ አንስቶ ለዘመዶቹ ይልካል። የሚቀጥለው ዓመት እንግዳ ደግሞ ከነዚያ ዘመዶች አንዱ ነው።

አንድ ነገር ላንሳና ልውረድ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት የለጠፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንቀሉት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ሕጉን ተዉትና፣ ሰው ገና እግሩን ሲያስገባ «ከሸጥኩልህ በኋላ አላውቅህም» ትሉታላችሁ? እኔ በቦታው ዋጋ ለጥፌያለሁ። ክርክሩ ቀንሷል፤ መቼም ጎንደር ነውና ጨርሶ አልጠፋም።

እንግዲህ ለዘንድሮ ጥምቀት ቀሚስ ያሰባችሁ እኅቶች ኅዳር ላይ ብቅ በሉ። ታኅሣሥ 15 ደብተሩ ይዘጋል። ያን ቀን ካለፋችሁ፣ ጥሩ የሚሰፋ ጎረቤት አለኝ፣ ወስጄ አገናኛችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።