ከቁፋሮው በፊት የሚተከል ችካል
በደሴ ከተማ ለቀያሾች፣ ለጂኦሎጂ ባለሙያዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

የተጋበዝኩት ከሥሩ የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት መሬት ሲሰጥም እንዴት እንደሚለካ እንዳስረዳ ነው። አስረዳለሁም። ይሁን እንጂ ለዓመታት በሆዴ የያዝኩት አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ ብወርድ ራሴን እታዘበዋለሁ።

በጦሳና በአዝዋ መካከል ለምንኖር ለእኛ መሬት እንደሚንቀሳቀስ ነጋሪ አያስፈልገንም። ክረምት በገባ ቁጥር የድጋፍ ግንብ ሲያብጥ፣ መንገድ ሲሰነጠቅ፣ የቦርከና ዳርቻ ሲናድ እያየን ያደግን ነን። ቁፋሮ ያደረሰው ጉዳት በክረምቱ እየተሳበበ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከደሴ በስተሰሜን ከሰል በሚወጣበት አንድ ቀበሌ፣ ቤታቸው የተሰነጠቀባቸው አንዲት እናት አስጠሩኝ። የከፍታ ልዩነት መለኪያውን ሌቭልና ቁጥር የተጻፈበትን ዘንግ፣ ስታፉን፣ ተሸክሜ ደረስኩ። ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በምርጊቱ ላይ ቁልቁል ወርዷል፤ ጣቴ ገባበት። ከጎኑ ሰባት አጫጭር ጥቁር መስመሮች አየሁና፣ «እነዚህ ምንድን ናቸው እናቴ?» ስል ጠየቅኋቸው። «ስንጥቁ የደረሰበትን በከሰል አሰምርበታለሁ ልጄ። ይኼ የመውሊድ ነው፤ ይኼ ረመዳን ሲገባ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ከአረፋ ማግስት» አሉኝ። በሜትር ስለካው፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው 61 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

ሪፖርት ጽፌ አብረን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድን። የተሰጠን መልስ፣ ቤቱ ከቁፋሮው በፊት ደህና ለመሆኑ ማስረጃ የለም፣ ቦታው ተዳፋት ስለሆነም የመሬት መንሸራተት ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። የምመልሰው አልነበረኝም። ቁፋሮው ሳይጀመር ከፍታው የተለካ አንድ ችካል እንኳ በአካባቢው አልነበረምና። ሙያ ተምሬ፣ መሣሪያ ተሸክሜ ሄጄ፣ ከእኚያ እናት የከሰል መስመር የተሻለ ማስረጃ ላቀርብላቸው አልቻልኩም! እሳቸው ያላቸውን ሁሉ አቅርበዋል። ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ ያለበት ግን ከቤታቸው ሥር የቆፈረው ነው፤ ስለምን ከእሳቸው ይጠየቃል?

አሁን ወደ ልኬቱ ልምጣ። የከሰሉ ንጣፍ ሲወጣ ጣሪያው ይሰበርና ባዶውን ይሞላል፤ ከላይ ያለው ድንጋይም ተከትሎ ይወርዳል። በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመን በተደረጉ ልኬቶች፣ ሰፊ ቁፋሮ ተካሂዶ ባዶው በሰው እጅ ሳይሞላ ሲቀር፣ የመሬቱ ዝቅታ ከተወሰደው ከሰል ውፍረት እስከ 90 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ታይቷል። መስጠሙም ከቁፋሮው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሚወጣው መስመር 35 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ አዘንብሎ ይዘልቃል፤ ይህም 100 ሜትር ጥልቀት ላለው ቁፋሮ 70 ሜትር ማለት ነው። «ከድንበራችን ውጭ ያለ ቤት አይመለከተንም» የሚል ካለ፣ ይህን ቁጥር ያስታውስ። መሬቱ ጎብጦ የሚለጠጠው ጠርዙ አካባቢ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው መሃል ላይ ካለው ይልቅ በዳር ያለው ቤት ነው። የእኛ ድንጋይ ከእንግሊዙ ስለሚለይ ቁጥሩን ራሳችን ለክተን ማግኘት አለብን።

ጣሪያውን እንዲደግፍ የከሰል ምሰሶ እየተወ የሚቆፈርም አለ። በደቡብ አፍሪካ ኮልብሩክ በተባለው የከሰል ማዕድን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1959 የማዕድኑ አንድ ክፍል ተደረመሰ፤ ሥራው ግን ቀጠለ። ጃንዋሪ 21 ቀን 1960 ምሰሶዎቹ ተከታትለው ፈረሱና ከ400 በላይ ሠራተኞች እዚያው ቀሩ። የመጀመሪያው መደርመስ ማስጠንቀቂያ ነበር!

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ዶማ መሬት ከመንካቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ክረምቱንም በጋውንም ጨምሮ፣ ችካሎች ይለኩ፤ ጥቁር አፈር ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ፣ የወቅቱን እንቅስቃሴ ከቁፋሮው መለየት የሚቻለው ይህ ሲሆን ብቻ ነው። ከችካሎቹም አንዳንዶቹ ከቁፋሮው ራቅ ብለው በጽኑ አለት ላይ ይተከሉ። የእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ቀን ተጽፎበት ፎቶ ይነሣ። የምንጮችና የጉድጓዶች ውኃ መጠን ይመዝገብ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አሁን የጎደለን ችካሉን የሚተክል ሰው ነው።

ሳተላይትም ይረዳናል። ሴንቲኔል 1 የተባለው የራዳር ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ምስል ይልካል፤ ምስሉ በነጻ ይገኛል፤ አንዱ ሳተላይት ወደዚያው ቦታ በየ12 ቀኑ ይመለሳል። ሆኖም ገደላ ገደልና የክረምት ልምላሜ ባለበት መረጃው ስለሚበላሽ፣ ችካሉን ሊተካ አይችልም። ወጪውን ቆፋሪው ይሸፍን፤ የሚለካው ግን ሌላ ይሁን፤ ውጤቱም በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

በእጃችሁ ሌቭል ያላችሁ ባልደረቦቼና በበጋው እረፍት ጊዜ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ስትወጡ በር ላይ ባለው መዝገብ ስማችሁን አስፍሩልኝ። የመጀመሪያውን መስመር የምንጀምረው ከእኚያ እናት ደጃፍ ነው።