ያልነውን መንገድ እንዳንዘል

እንደምን አመሻችሁ። የተከበራችሁ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የቅዳሜ ምሽታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከአራት ዓመት በፊት የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ዲሴምበር ነው፣ ይዘንባል። የገና አባት ጋሪያችን በዚያ ምሽት ስምንት መንገድ እንደሚዞር ቀደም ብለን ለሰፈሩ ሁሉ ነግረናል። የገንዘብ መሰብሰቢያ ባልዲ ከሚይዙት ሁለቱ ቀሩብን። በየደጁ ዘገየን። ሰባተኛውን ስንጨርስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። በቃ መሽቷል ብለን ስምንተኛውን ትተን ተመለስን።

በማግስቱ አንዲት እናት ሱቅ በር ላይ አገኘችኝ። ልጇ ከፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ፣ አንድ ፓውንድ በእጇ ጨብጣ፣ ደጅ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትጠብቀን እንደነበረ ነገረችኝ። ሳንቲሙን ይዛ ነው የተኛችው አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ይህ ነው። ሰው አነሰን። ሰው ሲያንስ ደግሞ መንገድ ይዘለላል።

አዲስ ለሆናችሁ በአጭሩ ላስረዳ። እዚህ እንግሊዝ አገር ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት የየሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ተሳቢ ጋሪ በመብራት አስጊጠው፣ የገና አባትን ከላይ አስቀምጠው፣ ሙዚቃ ከፍተው በመኪና እየጎተቱ ይዞራሉ። ሮታሪ፣ ላየንስ፣ ራውንድ ቴብል የሚባሉት ማኅበራት በብዙ ከተማ ይህን ያደርጋሉ። ራውንድ ቴብል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1927 ኖርዊች ውስጥ የተቋቋመ የእዚሁ አገር ማኅበር ነው። መኪናው በሰው እርምጃ ልክ ይሄዳል። ባልዲ የያዝነው በግራና በቀኝ በር እያንኳኳን እንከተላለን።

እኔ መጀመሪያ ሳየው ትዝ ያለኝ ቡሄ ነው። ሆያ ሆዬ ብሎ ያላደገ እዚህ መካከል ማን አለ? ዱላ ይዘው፣ መሬቱን እየደቁ፣ ደጃችን የሚመጡትን ልጆች አስታውሱ። እናቴ ሙልሙሉን አስቀድማ ትጋግር ነበር። ልጆቹ ቤታችንን ዘለው ያለፉ ዕለት ግን ታዝናለች። ዳቦው ስለተረፈ አልነበረም፤ ደጇ ስላልተረገጠ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የሚለየው ብርዱ ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "ጾም ላይ ነን" ትላላችሁ። እውነት ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ጋሪው የሚዞረው ልክ በዚያው ወቅት ነው። ሰዎቹ በየበሩ ሚንስ ፓይ የሚሉትን የገና ጣፋጭ ይዘው ይወጣሉ። እኔ እጾማለሁ እላለሁ፣ ይገባቸዋል፣ ለልጆችሽ ብለው በወረቀት ይጠቀልሉልኛል። ጾምና ምጽዋት ደግሞ አብረው የሚሄዱ ናቸው። የገና አባት የእኛ አይደለም ለምትሉም፣ የታሪኩ መነሻ የሜራው ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። በስንክሳራችን ታኅሣሥ 10 ቀን ይታሰባል። ችግረኛን በስውር በመርዳት የሚታወቅ አባት ነው።

ስለ ገንዘቡ ግልጽ ልሁን፣ በገንዘብ ነገር መተማመን ያስፈልጋልና። ዝም ብሎ ባልዲ ይዞ መውጣት የለም። በመንገድ ላይ መሰብሰብ በ1916 ሕግ፣ ከቤት ቤት መሰብሰብ ደግሞ በ1939 ሕግ ይተዳደራል። ፈቃዱን የሚሰጠው ካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር ነው፤ ጊዜ ስለሚወስድ ማመልከቻው የሚገባው ቀደም ብሎ፣ በእዚህ አገር በጋ ነው። ባልዲው ይታሸጋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ማታ ሲከፈት ሁለት ሰው አብሮ ይቆጥራል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባልዲ አይይዝም። ከወላጁ ጋር መሄድ፣ ለሰው እጁን ማውለብለብ ግን ይችላል፤ ይህን ደግሞ ከልጆች የተሻለ የሚያደርገው የለም። አሁን ብዙ ሰው ጥሬ ገንዘብ አይዝም፣ ስለዚህ ካርድ የሚነካበት ማሽንም እንይዛለን። እናቶች፣ ማሽኑ አያስፈራም፤ አንድ ጊዜ ካሳየናችሁ ይበቃል።

የሚሰበሰበው እዚሁ ይቀራል። በጽኑ ታመው መዳን የማይችሉትን ለሚንከባከበው ሆስፒስ፣ ለተቸገረ ሰው ምግብ በነጻ ለሚሰጠው ፉድ ባንክ ይሄዳል። ከዚያ ፉድ ባንክ ፓስታና ወተት ይዤ የወጣሁበት ክረምት ነበረኝ። ከመካከላችሁም የምታውቁት አላችሁ።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ አሉ፣ የመንገዱ መጨረሻ ቤት። ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም በማርማላታ ጠርሙስ ያጠራቅማሉ። ባምናው ዙር በሩን ከፍተው ጠርሙሱን ባልዲዬ አፍ ላይ ገለበጡት። ሳንቲሙ ተጣብቆ አልወርድ አለ። እኔ ባልዲውን አዘንብዬ፣ እሳቸው የጠርሙሱን ቂጥ በመዳፋቸው እየመቱ፣ ጥቂት በጥቂት አወረድነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጋሪው ትንሽ ራቅ ሲል "ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሌሎቹ ይጠብቁሻል" አሉኝ። የባዶውን ጠርሙስ ክዳን እዚያው በር ላይ ቆመው መልሰው ሲገጥሙት አየሁ።

ታዲያ ምን ያስፈልገናል? ለአንድ ምሽት ቢያንስ ስምንት ሰው። አንድ ሹፌር፣ አንድ የገና አባት፣ ከፊትና ከኋላ ሆነው መኪና የሚጠብቁልን ሁለት፣ አራት ባልዲ ያዥ። ሹፌሮች ስሙኝ፤ የእዚህ አገር የመኪና መንጃ ፈቃድ ካላችሁ፣ ከዲሴምበር 2021 ወዲህ እስከ 3500 ኪሎ ተሳቢ ለመጎተት ሌላ ፈተና የለም። ኢንሹራንሱን እኛ እናያለን። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው የምትሉም አትቅሩ። በሩ ሲከፈት "ሜሪ ክሪስማስ" ማለት ይበቃል፣ ቀሪውን ሙዚቃው ይናገራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የምትችሉትን ምሽት ብቻ ጻፉ። ሦስት ጽፎ ሁለት ከመቅረት፣ አንድ ጽፎ መምጣት ይሻለናል። ዘንድሮ በአንድ ምሽት ከአምስት መንገድ በላይ አንይዝም ብለናል። ሰው ከበዛልን ምሽት እንጨምራለን እንጂ መንገድ አናጭቅም። ቀኑ እዚህ ከአስር ሰዓት በፊት ይጨልማል፣ ስለዚህ በጊዜ ወጥተን ሁለት ሰዓት ላይ እንመለሳለን። ትንንሽ ልጆችም ሳይተኙ ያዩናል።

መመዝገቢያው ወረቀት ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ አለ። አንጸባራቂውን ሰደርያ እኛ እንሰጣለን። ወፍራም ካልሲና ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ግን ይዛችሁ ኑ፣ በሙሉ ጓንት ሳንቲም አይያዝም። የመጀመሪያው ምሽት በዲሴምበር የመጀመሪያው ሰኞ፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሁልጊዜ የምንጀምረው ከዚያች ከዘለልናት መንገድ ነው።