ጠላ ቀጂው ሚኒስትር

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ እንደምናወራ ቃል ገብቼ ነበር፤ አከራዬ ግን እንደምታውቋቸው የትም አይሄዱምና ለሌላ ክፍል ይቆዩልን። ከብቸና ከተመለስሁ ጀምሮ የሚያብሰለስለኝ «ሚኒስትሩ» እያልን የምንጠራው የወንድሜ ፈገግታ ነው።

የአያታችን ተዝካር ዕለት ነው። ካህናቱ ከላይ፣ አባወራዎቹም በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ሳለ፣ ከሚኒስትሩ በ4 ዓመት የሚያንሰው የአጎታችን ልጅ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ዳሱ ሲገባ ከሽማግሌዎቹ ተርታ ቦታ ተለቀቀለት። ወንድሜ ከመግቢያው አጠገብ ቆሞ ነበር። አንድ አረጋዊ ዘመዳችን ቀና ብለው አዩትና «አንተ ልጅ፣ ጠላውን ቅዳ እንጂ!» አሉት። በክፋት አልነበረም፤ የሚቀዳ ሰው ጠፍቶ ነበርና ዓይናቸው ገና ልጅ ነው ብለው ካሰቡት ሰው ላይ ዐረፈ። እርሱም ጆጉን አንሥቶ ከዳር ጀመረ። ከአጎታችን ልጅ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ቀዳለት፤ ያም በአባወራ ወግ፣ ቀና ሳይል፣ «ይበቃል» አለው። ወንድሜ ፈገግ አለ። ንቀት ነበር እንዳልል ዓይኑ ላይ ንቀት አላየሁም፤ ኀፍረት ነበር እንዳልልም እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ቀጥሎ ወዳለው ሰው አለፈ።

በሕግ ዓይን ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲም ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሁሉ ወጣት ስለሚል፣ ባለ ጋቢውንና ባለ ጆጉን ከአንድ መዝገብ ያሰፍራቸዋል። ዳሱ የሚቆጥረው ግን ሚስትን፣ በሬንና መሬትን ነው። በክልላችን በአማራ ሰፊው የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያን የሚያህል ስላልተደረገ፣ በኋላ የተወለደው ልጅ በአብዛኛው የወላጁን ስጦታ ወይም ውርስ ይጠብቃል። አጎታችን ከድርሻቸው ቆርሰው ለልጃቸው ሰጡ፤ የአባባ መሬት ለመቆረስ ስለማይበቃ ሚኒስትሩ ወደ ትምህርት ተላከ፤ ምጣኔ ሀብት ተምሮ ተመረቀና ተመልሶ ከእማማ ጓዳ ይበላል። ታዲያ አንዱን አዋቂ፣ ሌላውን ልጅ ያደረጋቸው የራሳቸው ብስለት ነው ወይስ የአባቶቻቸው ማሳ?

ጄፍሪ አርኔት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በተለይ ከ18 እስከ 25 ያለው ዕድሜ ጉርምስናም አዋቂነትም ያልሆነ፣ ራሱን የቻለ የዕድገት ምዕራፍ ነው ብለዋል። ያነጋገሯቸው ወጣቶች ከጋብቻ ይልቅ ያስቀደሙት ለራስ ኀላፊነት መውሰድን፣ በራስ መወሰንንና በገንዘብ ራስን መቻልን ነበር። በዚህ ከሄድን የአጎታችን ልጅ በግ ለመሸጥ እንኳ አባቱን ያስፈቅዳል። ወንድሜም ቢሆን... እንግዲህ ስለ እማማ ጓዳ ነግሬያችኋለሁ። ምናልባት ሁለቱም አላለፉ ይሆናል፤ ወይም መመዘኛው ለእኛ አልተሰፋም።

መካከለኛው ጊዜ ለጎጃም እንግዳ ነው እንዳይባል ደግሞ መሪጌታ አጎቴ አሉ። ገና በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ለቅኔ ትምህርት ዋሸራ ወርደዋል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ሲለምኑ ያሳደዳቸውን ውሻ እስከ ዛሬ በመልኩ ይገልጹታል፤ ቡላ ነበር፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ባለቤቲቱም ከውሻው ይልቅ ትጮህ ነበር ይላሉ፤ ይህን ሲያወሩ ከቅኔው የበለጠ ይደሰታሉ። ለማንኛውም፣ እርሳቸው ሚስትም መሬትም ሳይኖራቸው ደረጃ ነበራቸው፤ በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና የጀመረ ተማሪ ውሎ አድሮ ታናናሾቹን የሚያለማምድ አስነጋሪ ይሆናል፤ የት እንደደረሰም እርሱ ራሱ፣ መምህሩም፣ ቂጣ የምትሰጠውም እናት ያውቃሉ። ሚኒስትሩ ከተመረቀ ወዲህ የት እንደደረሰ የሚነግረው ሰው የለም። እርግጥ ነው፣ ያን የረኀብና የእከክ ዘመን እንዲህ ማሞገስ ለእኔ ቀላል ነው፤ የተራብሁት እኔ አይደለሁምና።

ደግሞ አሁን ሳወራ የመጣብኝ ሌላ ነገር አለ። የአጎታችን ልጅ ሚስት በዚያን ቀን ከጓዳው ጭስ ውስጥ ወጥ ስታማስል ነበር፤ ስለ እርሷ ዕድሜ ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። የቤተሰብ ሕጉ 18 ይላል። እኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሁለት ወንዶች መቀመጫ አወራሁ፤ እርሷ የትኛው ምዕራፍ ውስጥ ናት? መካከለኛ የሚባል ጊዜስ ነበራት? ተናደድሁ፣ ይቅርታ፤ ውኃ ልጠጣ።

ሚኒስትሩ ትናንት ደውሎ «እታለም፣ ከጓደኛዬ ጋር በጋራ ባጃጅ ልንገዛ ነው፤ ከአንቺ ትንሽ ብድር ፈልጌ ነበር» አለኝ። አባባ መጀመሪያ ሚስት አግባ እያሉት ነው። ብሰጠው በእኔ ገንዘብ ራሱን ቻለ ሊባል ነው፤ ባልሰጠው ደግሞ ያው ጆጉ አለ። አስብበታለሁ አልሁት፤ እርሱም «እንደ አባባ አትሁኚ እንጂ» ብሎ ሳቀ፤ እኔ ግን ብሩን ብልከው እንኳ መንጃ ፈቃዱን መቼ ሊያወጣ እንደሆነ...