ካርቶኑ ላይ «ዝቅተኛ ሜርኩሪ» ተብሎ መጻፉ አይበቃም

የተከበራችሁ የሕንፃ ጥገናና የግዥ ባለሙያዎች፣

ዛሬ የማነሣው የአሜሪካ አረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ሊድ (LEED) የተባለውን የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ፣ አገልግሎት ላይ ያሉ ሕንፃዎች በሚገዟቸው አምፖሎች ላይ ያስቀመጠውን የሜርኩሪ ጣሪያ ነው። በ2009ኙ እትም ጣሪያው በአንድ ሉመን-ሰዓት (አምፖሉ የሚሰጠው ብርሃን በሚሠራበት ሰዓት ተባዝቶ) በአማካይ 90 ፒኮግራም፣ ማለትም 90 የግራም ትሪሊዮንኛ፣ ነበር፤ አራተኛው እትም ወደ 70 አወረደው። የሚያስገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ብዙዎች ይንቁታል። ፍሎረሰንት ቱቦ ሲሰበር የሜርኩሪውን ትነት የሚተነፍሱት ግን የእኛው ጠጋኞችና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአምፖሉን ሜርኩሪ በሚሊግራም ወስዳችሁ በአንድ ቢሊዮን ታባዛላችሁ፤ ውጤቱን በአማካይ ሉመኑና በዕድሜው ሰዓት ብዜት ታካፍላላችሁ። 3.5 ሚሊግራም ሜርኩሪ፣ 2,800 አማካይ ሉመንና 24,000 ሰዓት ዕድሜ ያለው ባለ 32 ዋት ቲ8 (ቀጭን ፍሎረሰንት) ቱቦ 52 ፒኮግራም ይሰጣል። ያው ቱቦ 5 ሚሊግራም ቢይዝ 74 ይሆናል፤ በ2009ኙ ያልፋል፣ በአራተኛው ይወድቃል።

ስህተቱ የሚመጣው ከምናስገባቸው ቁጥሮች ነው። አዲስ ሲበራ የሚሰጠውን ሉመን አትውሰዱ፤ የሚፈለገው ከዕድሜው 40 በመቶውን ከሠራ በኋላ የሚሰጠው ነው። ዕድሜውም ቢሆን፣ ለቲ8 የሚያዘው በኢንስታንት ስታርት ባላስት (ቱቦውን ሳያሞቅ ወዲያው በሚያስነሣ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ)፣ በአንድ ማብራት 3 ሰዓት እየበራ የተለካው ነው። ካርቶኑ ላይ የ12 ሰዓቱን፣ ረዘም ያለውን፣ ልታገኙ ትችላላችሁ። አምራቹ የሜርኩሪውን መጠን «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ ከሰጠ ትልቁን ያዙ። «ቲሲኤልፒ አልፏል» የሚል ጽሑፍም ማስረጃ አይሆንም፤ ያ ፈተና የሚለካው ከተጣለ አምፖል ምን ያህል ሜርኩሪ ወደ ውኃ እንደሚሰርግ እንጂ ውስጡ ስንት ሚሊግራም እንዳለ አይደለም።

አማካዩን ስታወጡ የየዓይነቱን ውጤት ደምራችሁ ለዓይነቶቹ ብዛት አታካፍሉ። 600 ከላይ ያልናቸው ቲ8 ቱቦዎችና 60 ባለ ፒን ኮምፓክት (አጫጭር፣ ባላስታቸው ከውጭ የሆነ ፍሎረሰንት) አምፖሎች ተገዙ እንበል። ኮምፓክቱ 3.5 ሚሊግራም፣ 1,500 ሉመንና 12,000 ሰዓት ካለው ብቻውን 194 ይደርሳል። 52ንና 194ን ደምሮ ለሁለት ያካፈለ 123 ያገኝና ወደቅን ይላል። ትክክለኛው መንገድ የአምፖሎቹን ሁሉ ሜርኩሪ ደምሮ ለሁሉም ሉመን-ሰዓት ድምር ማካፈል ነው፤ 56 ይወጣል። ባላስታቸው ከውስጣቸው የሆነ፣ ሆልደር ላይ የሚጠመዘዙ ኃይል ቆጣቢዎች ግን በዚህ ስሌት አይገቡም፤ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበርን (ኔማን) ገደብ፣ ከ25 ዋት በታች ለሆኑት 4 ሚሊግራምን፣ ማሟላት ይበቃቸዋል።

ኤል ኢ ዲ ሜርኩሪ የለውም፤ በአማካዩ ስሌት የሚቆጠረው ግን በኃይል ቆጣቢነቱ ከሚተካው አምፖል ካላነሰ ነው። ወደ ኤል ኢ ዲ መዞር ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ሆኖም በአንድ ቀን መቶዎች አሮጌ ቱቦዎች ከጣሪያ የሚወርዱትም ያን ጊዜ ነው። በፕላስተር አስራችሁ አትከምሩ፣ አትስበሩ። አዲሶቹ በመጡበት ካርቶን ቀጥ አድርጋችሁ ክተቱ፣ ካርቶኑን ዝጉና «ያገለገሉ አምፖሎች» ብላችሁ ማጠራቀም የተጀመረበትን ቀን ጻፉበት። በአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ከአንድ ዓመት በላይ ማቆየት አይፈቀድም። የመልሶ መጠቀሚያው ድርጅት የሚሰጣችሁን ደረሰኝ ከግዥ ሰነዱ ጋር በአንድ ፋይል አኑሩ።