እናትየው ሳትንገላታ ምስሉ ይሂድ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አደራችሁ ውድ የማህበራችን አባላት! ከየክፍለ ሀገሩ ተጉዛችሁ የገባችሁ ሚድዋይፎቻችን፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ በዙም የምትከታተሉን ዶክተሮቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ፣ እንኳን ለዚ ቀን አደረሰን።

የዘንድሮ ጉዳያችን የእርግዝና አልትራሳውንድ በቴሌሜዲሲን ነው፣ ማለትም እናትየው ባለችበት ሆና ምስሏን ሩቅ ላለ ስፔሻሊስት ልኮ ማማከር፣ ቶሎ ወደሱ ልግባ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት ቢያንስ አንዴ አልትራሳውንድ ትታይ ይላል። ማሽን ያለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ችግሩ አላለቀም፣ ሚድዋይፏ የልብ ምቱን ታያለች፣ ስንት ሳምንት እንደሆነ ትለካለች፣ ግን የልጁ ልብ ደህና ነው ወይ፣ አከርካሪው በደንብ ተዘግቷል ወይ፣ መንታዎቹ አንድ እንግዴ ልጅ ነው የሚጋሩት ወይስ የየራሳቸው አላቸው የሚለው ሲመጣ ስፔሻሊስት ያስፈልጋል፣ ስፔሻሊስቱ ደግሞ በብዛት ያለው አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ላይ ነው። ስለዚ ሪፈር ይጻፍላታል፣ እሷ የትራንስፖርት ብር የላትም፣ ልጆቿን የሚይዝላት የለም፣ ወረቀቱን አጣጥፋ ቤቷ ትገባለች። በቃ፣ እዛው ቀረ ማለት ነው።

አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ውስጥ ገና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ታውንስቪል ያለችን እናት ብሪዝበን ያለው የፅንስ ስፔሻሊስት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ምስሉን በቀጥታ እያየ ያማክር ነበር። እኛ ጋ ኔትወርኩ አይችልም ካላችሁ እስማማለሁ፣ ግን ቀጥታ መሆኑ የግድ አይደለም፣ አጭር ቪዲዮ ቀድቶ ኔትወርክ ሲመጣ መላክም ይሰራል።

አላላካችን ላይ ግን መነጋገር አለብን። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ተለምዷል፣ የመብራት ነጸብራቅ መሃሉ ላይ አርፎ፣ ልኬቱ ተቆርጦ፣ የእናትየው ሙሉ ስም ግን ከላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል! ይሄ መቆም አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፣ ከህጉም በፊት ግን የሰው ገመና ነው እኮ። በስሟ ፈንታ ኮድ እንጠቀም።

አንድ ፎቶም አይበቃም። እንግዴ ልጁ የማህፀን በሩን ሸፍኖታል ወይ ብሎ ለመወሰን ፕሮቡ (ሆድ ላይ የሚንሸራተተው የማሽኑ እጀታ) ቀስ እያለ እስከ ማህፀን አንገት ሲወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው የሚፈለገው፣ ፊኛዋም ከመጠን በላይ ከሞላ ያልሸፈነውን የሸፈነ ያስመስላል፣ ስለዚ ሽንቷን ሸንታ ትምጣና እንደገና ይታይ። በ20 ሳምንት ዝቅ ብሎ የታየ እንግዴ ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማህፀኑ ሲያድግ ከበሩ ይርቃል፣ እናትየውን ማስደንገጥ አያስፈልግም፣ 32 ሳምንት አካባቢ ደግማ ትታይ። ያኔም በሩን እንደሸፈነ ከሆነ ምጥ ሳይመጣ ኦፕራሲዮን የሚሰራበት ሆስፒታል አጠገብ፣ እናቶች ማቆያ መግባት አለባት። መልስ የሚሉት ይሄንን ሁሉ የያዘ መልስ ነው፣ "አይቼዋለሁ" ብቻ ተብሎ መላክ የለበትም።

አጥብቄ የምለምናችሁ መልሱ እናትየው ከጤና ጣቢያው ሳትወጣ እንዲደርስ ነው። ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ መልስ ከሪፈር ወረቀቱ በምን ይሻላል? ደም እየፈሰሳት የመጣችን እናት ግን ምስል ልከን መልስ አንጠብቅላትም፣ በእጅም አትመርመር፣ አምቡላንስ ይጠራ።

አሜሪካ ያላችሁ ዶክተሮቻችን ፍላጎታችሁን አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ግን እዚህ ጠዋት የክትትል ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ ሌሊት ነው። ስለዚ የቀን ተረኛው እዚሁ አገር ያለ ሰው ይሁን፣ ለከባዱ ኬዝ ደግሞ እናንተ ሁለተኛ አስተያየት ስጡን። ሚድዋይፏም ዳታ ከኪሷ እየሞላች መቀጠል አትችልም፣ የማህበሩ በጀት ላይ ይሄ መስመር እንዲገባ ሀሳብ አቀርባለሁ።

ከሻይ በኋላ የተረኛ ሰንጠረዥ ይዞራል፣ የምትችሉትን ቀን ብቻ ሙሉ፣ የማትችሉትን አትሙሉ፣ ምክንያቱም እዛ ስማችሁን አይታ የምትልክ ሚድዋይፍ አለች። ጉባኤውን ከፍቻለሁ፣ አመሰግናለሁ።