የችሎቱ የኋላ ወንበር

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ አብረን የተማርን ጓደኞቼ፣ የዘንድሮ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፤ እንኳን ለትምህርት ዘመኑ መክፈቻ አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ወንጀል ፍትሕና ሰብዓዊ መብት ትምህርት ጠቀሜታ እንድናገር ጠይቀውኛል። ጠቀሜታውን ባታውቁትማ ኖሮ ቀኑን ሥራ ውላችሁ ማታ እዚህ አትቀመጡም ነበር። እኔ የመጣሁት ለሌላ ነገር ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ የተያዙ ሰዎች መብት ነበር። የዓለም አቀፉን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 9፣ ማንም ያለ ሕግ እንዳይታሰር የሚደነግገውን፣ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ስትራስቡርግ ያለውን የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ፍርዶች ከነዓመታቸው እጠራለሁ። አንድ ጠዋት፣ አማካሪዬ ስለ ጎተጎቱኝ ብቻ፣ ጊዜ ቀጠሮ የሚሰጥበት፣ ማለትም ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪውን አስሮ የሚያቆይበት ቀን የሚጠይቅበት ችሎት ገባሁ። በሸክም የሚተዳደር ወጣት በስልክ ስርቆት ተጠርጥሮ ቀረበ። የግራና የቀኝ ነጠላ ጫማው አይመሳሰልም። መርማሪው «ምስክር ይቀረናል» ብሎ 14 ቀን ጠየቀ፤ ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ዳኛዋ «የምትለው አለ?» አሉት። ልጁ አማርኛ አይሰማም። መልሱን ከአጃቢው ፖሊስ ፊት ላይ ፈለገ፤ ሲያጣው አንገቱን ደፋ። «ተጠርጣሪው ተቃውሞ የለውም» ተብሎ ተመዘገበ። ቀጣዩ መዝገብ ተጠራ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ የሚፈቀደው አስፈላጊ በሆነ መጠን ብቻ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በአንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይለፍ አለ እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አልቆጠረም። ልጁ የወደቀው በዚያ ቀዳዳ ነው። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማስታወሻ ያዝሁ። ጽሑፌ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ውጤት አገኘ። ልጁ ምን እንዳገኘ አላውቅም፤ ተከትዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

እስቲ ንገሩኝ! በሄግ ያሉትን ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች እየተነተነ፣ ከቤቱ ሁለት ፌርማታ ርቆ ያለውን የፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ ክፍል አይቶ የማያውቅ ምሩቅ ለማን ነው የምናፈራው? ለጉባኤ ነው? ለአበል ነው? መምህሮቼ ይቅር በሉኝ፤ ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። የውጭ ጽሑፍ ስንት እንደ ጠቀሰ ትቆጥራላችሁ፤ ስንት ቀን ችሎት እንደ ዋለ ጠይቃችሁት አታውቁም። ከዘንድሮ ጀምሮ ጊዜ ቀጠሮ ችሎት ሃያ ቀን ያልዋለ ተማሪ የጥናት ሐሳቡ አይጽደቅለት። የምለምነው ይህንን ነው።

ሌላም ነበረኝ። ጽሑፎቻችን በእንግሊዝኛ ተጽፈው መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ፤ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ችሎት የሚመራው የወረዳ ዳኛ አያገኛቸውም። ቢያንስ ፍሬ ሐሳቡ ይተርጎም።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ችሎት እገባለሁ። አብሮኝ ለሚገባ የስም መመዝገቢያ ወረቀት በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ እስክሪብቶም አብሮት አለ።