እናቴ ሥራ አላት

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ከደሴ ነኝ። ጦሳ ጉም ለብሷል፣ ብርዱ ለጉድ ነው። ቡናዬን ይዤ ማይኩ ፊት ተቀምጫለሁ።

የማወራችሁ ስለ ሥራ ነው። ማለቴ፣ እንግሊዝኛ "ሥራ" ለሚለው ስላለው የቃላት ብዛት።

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በተቀጠርኩበት ቀን በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ፎርም ሰጡኝ። "የእናት ኦኩፔሽን" ይላል። ብዙም ሳላስብ "ኖ ጆብ" ብዬ ጻፍኩ። ማታ ሚኒባሱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ነው የቆጨኝ። እናቴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ሰኞ ሰኞ ሌሊት አሥር ሰዓት ትነሳለች። እኔን ያስተማረችኝ በዚያ ገንዘብ ነው። ታዲያ እንዴት ሥራ የላትም እላለሁ?

ስሕተቱ ከቃሉ ይጀምራል። "ጆብ" ይቆጠራል፤ አንድ ጆብ፣ ሁለት ጆብ። ብዙ ጊዜ ቀጣሪ፣ ደመወዝና የሥራ መደብ አለው። "ዎርክ" ግን ድካሙ ራሱ ነው፤ በዚህ ትርጉሙ አይቆጠርም። ስለዚህ "አይ ሃቭ ኤ ዎርክ" አይባልም። ይህን ልዩነት እኛም አማርኛ ውስጥ አለን እኮ! "ሥራ አለኝ" ካልኩ ተቀጥሬያለሁ፣ እንጀራ አለኝ ማለት ነው፤ ጆብ። "ሥራ አለብኝ" ካልኩ ግን መሠራት ያለበት ነገር እየጠበቀኝ ነው፤ ዎርክ። ልዩነቷ አንዲት "ብ" ናት። ይህን ሳስተውል በጣም ነው የገረመኝ።

"ኦኩፔሽን" ደግሞ ስለ ቀጣሪ አይጠይቅም። በምን ትተዳደራለች ነው የሚለው። የእናቴ መልስ ቁልጭ ያለ ነበር፤ ቅመም ነጋዴ።

"ፕሮፌሽን" ረጅም ትምህርትና የሙያ ሥነ ምግባር ለሚጠይቁት ነው፤ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ። የእኛ "ሙያ" ከዚህ ይሰፋል። ጎረቤቶቻችን እናቴን "ባለሙያ" የሚሏት በርበሬ አዘገጃጀቷን አይተው ነው። ይህን "ፕሮፌሽናል" ብሎ መተርጎም አይሆንም፤ "ስኪል" ይቀርበዋል።

"ካሪየር"ን ግን እወደዋለሁ። ሥሩ ላቲን ነው፤ ጋሪ ከሚለው ቃል ተነስቶ የጋሪ መንገድ ሆነ፣ በፈረንሳይኛ አልፎ እንግሊዝኛ ገባ። ዛሬ የሥራ ዘመንን ሙሉ ጉዞ ይገልጻል። ስለዚህ ገና ወር ያልሞላው ቅጥር ጆብ እንጂ ካሪየር አይደለም። ደግሞ ጆብ ሲቀየር ካሪየር ላይቀየር ይችላል። ከአንዱ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ወደ ሌላው ሒሳብ ክፍል የሄደች ልጅ መንገዷ ያው ነው። ሥራ ለቃችሁ የተጨነቃችሁ ካላችሁ ይህችን ያዙልኝ።

በማግስቱ ሌላ ፎርም ለምኜ አስተካከልኩ። "ስፓይስ ትሬደር" ብዬ ጻፍኩ። እሑድ ማታ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ መጀመሪያ የጻፍኩትንም አልደበቅኳትም። ይቅርታ በይኝ አልኳት። በርበሬ እየነፋች ነበር።

"አብሽሪ ልጄ" አለችኝ። "ነገ ሰኞ አይደል? ሥራ አለብኝ፣ ያንን ወንፊት አቀብይኝ።"